ፍሬዋን የምትደብቀው ሐረግ

መስከረም 21

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ነው የሚያኮርፈው፤ ሜዳ ላይ ጠብ የለውም። ባለሽበት ፈጣሪ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ክፉ ሰው አያጋጥምሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ «ይሰማል? አይሰማም?» ስንባባል ጨዋታው ያልቃል። ደግሞም የምልክልሽ ነገር በስልክ አይላክም።

ከግቢያችን ጀርባ ያለውን የድንጋይ ካብ ታስታውሺዋለሽ፤ እቴቴ ልብስ የምታሰጣበት። እዚያ ካብ ላይ የምትወጣ አንዲት ሐረግ አለች። እቴቴ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ነጭ አበባ ታያለች፤ ልብሱን ልታነሣ ስትመለስ አበባው ተጠቅልሎ ከቅጠሉ አይለይም። አንድ ቀን «ና እስቲ፣ ይቺን አላውቃትም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ፤ እኔም አላውቃትም። ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ መውጫ ከካቡ ሥር በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ፤ እሷ ደግሞ «ሁለተኛ ሚስትህ ጋ ልትሄድ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

መግለጫዋ እነሆ። ግንዷ ቀጭን ነው፤ ከታች እንጨት የሆነ፣ ከላይ ለስላሳ፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ። የምትጠመጠመው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ፈትቼ በተቃራኒው ብጠመጥማት በማግስቱ ራሷን ፈትታ በራሷ ሐሳብ ዞራ አገኘኋት። ቅጠሏ የልብ ቅርጽ አለው፤ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ፣ ታቹ ብርማ ፀጉር የለበሰ። አበባዋ ነጭ ናት፤ ጉሮሮዋ ወይን ጠጅ፣ ሳትከፈት እንደታጠፈ ጃንጥላ የተጠቀለለች፣ ጎህ ሲቀድ ተከፍታ ፀሐይ ሲበረታ የምትከደን። ከአበባዋ ግርጌ አምስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ፤ ሁለቱ ከሦስቱ እጅግ ይሰፋሉ። አበባዋ ስትረግፍ እነዚህ ሁለቱ ያድጉና ፍሬውን እንደ መዳፍ ይከድኑታል። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ቀጥ ብሎ የነበረው የአበባው አንገት ጎንበስ ይልና ፍሬውን በድንጋዮቹ መካከል ይሸጉጠዋል። ሌሎቹ ሐረጎች ዘራቸውን ለነፋስና ለወፍ ሲሰጡ ይቺ ትደብቃለች።

ዘሯን ሳላይ መግለጫዬን አልዘጋም ብዬ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት። ጎዶሎ ሥራ አስረክቤ አላውቅም፤ ተማሪዎቼ «አጉሊ መነጽር» ያሉኝም ለዚሁ ነው። አምና፣ እቴቴ ባለፈች ሰሞን፣ ካቡን የሚያስበው ሰው ስለጠፋ ዝናቡ ጥጉን ናደው። ከድንጋዩ ሥር እፍኝ የማይሞላ ዘር ለቀምኩ፤ ጥቁር፣ ጠርዙ ላይ እንደ ቅንድብ ያለ ረጅም ፀጉር ያለው። ስፈልገው የኖርኩትን ያገኘሁት የማሳየው ሰው ሳጣ ነው።

አንቺ ባለሽበት ከተማ የደረቁ ዕፀዋት የሚቀመጡበት ትልቅ ቤት አለ። የዚህ ወገን ሐረጎች ከየአገሩ ተሰብስበው እዚያ ናቸው። እሷን የምትመስል እንደሌለች ማረጋገጥ አለብኝ። የደረቀ ናሙና፣ መግለጫውንና ግማሹን ዘር በሰው እጅ ልኬልሻለሁ። አዲስ ከሆነች ስም ይወጣላታል። ስም የሚያወጣው መግለጫዋን መጀመሪያ ያሳተመ ሰው ነው፤ አንዴ ከታተመ ደግሞ ማንም አይለውጠውም። የእቴቴን ስም ልሰጣት ነው። ሌላ የምጠይቀው የለኝም። ልጅ አልወለድንም፤ ስሟን የሚያስጠራ የለም። ከአንቺ በቀር ማለቴ ነው።

ጋሼሽ


ኅዳር 30

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ፤ ዕድሜ ይጨምርልኝ።

መልሴ ስለዘገየ አይቀየሙኝ። ሆስፒታሉ ሰው አጥሮታል፤ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ስሮጥ እውላለሁ። ሰዎች የማስተርጎም ሥራ ተቀምጦ የሚሠራ ይመስላቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም በአፌ ሲመላለስ ነው የሚውለው። «አመመኝ» እላለሁ፤ የታመመው ግን ሌላ ሰው ነው። በሽተኛው «ሆድ ባሰኝ» ካለ ቃል በቃል የምለው እሱኑ ነው። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ ቢያየኝ እንኳ አላብራራም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። አንዷ ባልደረባዬ ለበሽተኛ አዝና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች ተብላ ከሥራ ተሰናብታለች።

ያሉኝ ቤት ሄጄ ነበር። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያ የደረሰ የብረት ቁም ሣጥን። ይቀዘቅዛል፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። የሐረጎቹ ክፍል ኃላፊ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እሱኑ የሚፈልጉ ዓይነት ሰው። መጀመሪያ ሊሸኙኝ ነበር መሰለኝ። ናሙናውን ሲያዩ ግን ተቀመጡ። መግለጫዎን እየተረጎምኩ ሳነብላቸው «ቀስ በይ» አሉኝ። ፍሬውን ትደብቃለች ያሉበት ቦታ ላይ «እንደገና» አሉኝ። ከዚያ ቁም ሣጥኖቹን እየከፈቱ እሷን የሚመስሉትን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ አንዷም እሷ አይደለችም።

«አጎትሽ ምን እንዲደረግ ይፈልጋሉ? በጽሑፍ ያሳውቁኝ» ብለዋል።

ስለ እቴቴ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። ስለዚህ አልጽፍም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 24

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ከብርዱም ከሰውም ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ተቀብዬ አነበብኩት፤ ማታውኑ ለእቴቴ ፎቶግራፍም አነበብኩላት። አሁን ያረጀ ሰው ጅል ሆነ ትይ ይሆናል፤ በይ ግድ የለም።

ለፕሮፌሰሩ የጻፍኩት ከዚህ ጋር አለ። እንድታውቂው ቃሉን እዚህም ልገልብጠው፤ «ለተከበሩ ፕሮፌሰር። ጊዜዎን ስላጠፋሁ እጅግ አፍራለሁ። እኔ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ያነሣሁ ተራ መምህር ነኝ፤ ምንም አልሠራሁም። ሥራው የእርስዎ ነው፤ እንደ ራስዎ ይቁጠሩት። እንዳሻዎ ያርሙት፤ እኔን አይጠብቁኝ።»

የስሙን ነገር አልጻፍኩበትም። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ «የሚስቴን ስም አድርጉልኝ» ብዬ ብጀምር ሰውየው ምን ይለኛል? ጨዋ ሰው ከሆነ «ኧረ ሥራውስ የእርስዎ ነው» ብሎ መመለሱ አይቀርም፤ ያኔ ቀስ ብዬ አነሣዋለሁ። ካንቺ ጋር ጨዋታው ከመጣም ንገሪው። እስከዚያ መግለጫውን በንጹሕ እየገለበጥኩ ነው። የሥሯን ሥዕል ብቻ ቀረኝ፤ እንደ ድንች ያበጠ ነው፤ ሳልነቅላት ለማየት ጎኗን በማንኪያ እየቆፈርኩ ነው።

ጋሼሽ


የካቲት 27

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላምና ዕድሜ ከእርስዎ አይለይ። እዚህ ብርዱ ለቀቅ አድርጓል።

ደብዳቤዎን ለፕሮፌሰሩ አድርሻለሁ። አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተርጉሜ ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እንዲህ ያለ ቸር ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ዘሩን በመስታወት ቤት ዘርተውት በቅሏል፤ መጀመሪያ የወጡት ቅጠሎች ጫፋቸው የተሰነጠቀ ነው፤ እንደሚያስደስትዎ ገምቼ በደንብ አየሁልዎት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አያታለሁ። የመስታወት ቤቱ ይሞቃል፤ ሻይም ያጠጡኛል። «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔን። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ በራሴ አፍ የራሴን ነገር የተናገርኩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጉልበትዎን ሐኪም ያሳዩት።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 19

ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤና፣ ቀና መንገድ፣ ጥሩ ወዳጅ ፈጣሪ አያሳጣሽ።

መብቀሏን ሰምቼ ደስ አለኝ። አላልኩም እንጂ ዘሩ የተላከው ለማየት ነበር፤ ለመዝራት ማን ፈቀደ? ይሁን፤ በጎ ብለው ነው። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ቸር ሰው» ያሉት ምኑን ነው? እኔ የሰጠሁት ነገር የለም፤ የጻፍኩት ማንም ለማያውቀው ሰው የሚጽፈውን ነው። «ምንም አልሠራሁም» ሲል የሰማነውን ሰው ሁሉ ብናምን ኖሮ ቤት የሠራ፣ ድግስ የደገሰ ሰው ባልተገኘ ነበር። አንቺ ይህንን እዚህ ቤት እያየሽ አድገሻልና አስረድተሻቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የስሙን ነገር ጠይቀውሻል? ነግረሻቸዋል? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ይህንን ብቻ ጻፊልኝ፤ ሌላው ይቆይ።

ጋሼሽ


ሰኔ 11

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ነሽ? ደብዳቤዬ ጠፍቶ ይሆናል በሚል ደግሜ ጻፍኩ። በስልክም ሞክሬ ነበር፤ ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ አይነሣም። ፈጣሪ ደኅና ያድርግሽ።

መግለጫው ተጠናቋል፤ ሥሩም ተሥሏል። የሚያሳትሙልኝ ሰዎች አግኝቻለሁ። ርእሱ ላይ የእቴቴን ስም ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው። ፕሮፌሰሩ እንዳይቀየሙ ቃላቸውን መስማት ብቻ ነው የቀረኝ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ጋሼሽ


ነሐሴ 14

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? ጤናዎ እንዲጠበቅ ከልቤ እመኛለሁ። ደብዳቤዎችዎ ሁለቱም ደርሰውኛል፤ አልጠፉም። ስልኩንም አይቼዋለሁ።

መግለጫዋ ታትሟል። ያሳተሙት ፕሮፌሰሩ ናቸው። የእርስዎን መግለጫ ከችግኞቹ ካዩት ጋር አድርገው ነው የጻፉት። መጨረሻው ላይ «ናሙናውን ላበረከቱ አንድ የአካባቢው ነዋሪ ምስጋና ይድረሳቸው» ይላል። ስሟ ወጥቷል። የወጣው በእኔ ስም ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። በመስታወት ቤቱ የመጀመሪያዋ አበባ የተከፈተች ቅዳሜ ጠዋት ጠሩኝ። አብረን ቆመን አየናት፤ ጉሮሮዋ እንዳሉት ወይን ጠጅ ነው። «አጎትሽ ሥራውን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ ሐረጓን ያመጣሽልኝ ደግሞ አንቺ ነሽ። ስምሽን ብሰጣት ትፈቅጃለሽ?» አሉኝ። የእቴቴ ስም አፌ ላይ ነበር። አላወጣሁትም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እሺታ አደረጉት፤ እኔም አላረምኳቸውም።

አስረድተሻቸዋል ብዬ አምናለሁ ብለውኛል። አላስረዳሁም። የጻፉትን ነው የተረጎምኩት። ልጅ ሆኜ ድርሰት ስጽፍልዎት ያላየሁትን አንዲት ነገር ከጨመርኩ በቀይ የሚያሰምሩብኝ እርስዎ ነበሩ። «ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ የሚመስልሽን ማን ጠየቀሽ?» ይሉኝ ነበር። አሁን ደግሞ ያልጻፉትን ስላልጨመርኩ ጥፋተኛ ልሆን ነው። የፈለጉት ስሟን ከነበረ ስሟን መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ብዕር በእጅዎ ነው።

ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ስሙን ፈለግሁት። ሆስፒታሉ ውስጥ «አስተርጓሚዋ» ነኝ፤ ስሜን ለመጥራት የሚሞክር የለም። እናንተም ቤት እንግዳ ሲመጣ «የወንድሜ ልጅ ናት» ነበርኩ። አንድ ቀን «ልጃችን» ብላችሁኝ አታውቁም። ይኸው መስከረም ላይ ጻፉልኝ፤ ልጅ አልወለድንም፣ ስሟን የሚያስጠራ የለም አሉኝና፣ ትዝ ሲልዎት «ከአንቺ በቀር» ብለው ጨመሩ። ያቺን መስመር ያነበብኳትን ያህል ምንም አንብቤ አላውቅም።

በዚህ ክረምት መውጫ ፕሮፌሰሩ ሐረጓን በበቀለችበት ማየት ይፈልጋሉ፤ እኔም አብሬ እመጣለሁ። ከአጠገቧ ቆሜ ፎቶ ሊያነሡኝ ነው። ካቡ ድረስ እርስዎ እንዲመሩን ጠይቂልኝ ብለዋል፤ ለድካምዎ ተገቢውን የመንገድ መሪ አበል ያስባሉ። ይህንንም እንዳሉት ነው የጻፍኩት።

የወንድምዎ ልጅ


መስከረም 8

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ሳነበው ውዬ አመሸሁ። ርእሱ ላይ የእቴቴን ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማተሚያ ቤቱ ያሉት ሰዎች «መምህር፣ ቀድመውዎታል እኮ» አሉኝ፤ የሚያዝኑልኝ ይመስላሉ። እኔ ስለ ሥራዬ አላዝንም። ስሜ የትም ባይጻፍ ግድ አልነበረኝም፤ «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» መባሉም ያው ነዋሪ ነኝ፣ ውሸት የለበትም። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። አፌ ላይ ነበር ያልሽው።

ስለ «ልጃችን» ላልሽው እውነትሽን ነው፤ ብለን አናውቅም። አባትሽ ሲሞት አንቺን በአደራ ነው የተወልን። የሞተ ወንድሜን ልጅ «የእኔ ናት» ብል አባትሽን ሁለተኛ የገደልኩት መሰለኝ። «የወንድሜ ልጅ» የምልሽ ስሙ እንዳይጠፋ ነበር። እቴቴ በዚህ ትጣላኝ ነበር። እሷ ልብስ ስታሰጣ ያንቺን ነበር ከሁሉ መጀመሪያ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ። ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ። የማይነገረውን ሁሉ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ያረጀሁት። ሲያስፈልግሽ ግን የምታውቂውን አላውቅም ማለት ችለሻል፤ ይህንን ከእኔ አልተማርሽም።

ቀይ ማስመሬን አንስተሻል። ያሰመርኩብሽ ላላየሽው ነገር ነው። እቴቴን አይተሻታል።

ብትመጡ አልከለክልም። «ቤቱ ቤታችሁ ነው» ልል ብዬ ተውኩት፤ ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ይገባብኛል ብዬ ሰጋሁ። መንገድ መሪም አልሆንም፤ አበሉን ለሌላ ይስጡት። በመጣችሁበት ሰሞን ጉልበቴን ለማሳየት ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፤ ሐኪም ያሳዩት ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ሐረጓ አልተነቀለችም። ደብዳቤሽ በመጣ ማግስት ጠዋት ዶማ ይዤ ወጥቼ ነበር። ያፈረስኩት ካብ ሳይኖር፣ ያወረድኩት ድንጋይ ሳይኖር ዶማዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተከፍታ ነበር። እንዲያ ብላ እያየችኝ እጄን ላነሣባት አልቻልኩም። ተመልሼ ገባሁ፤ ዶማውን ለጎረቤት ሰጠሁት፣ ሌላ ቀን እንዳልደፍር።

ካቡ ጋ መድረስ አይከብዳችሁም። የግቢው ዘበኛ ተማሪዬ ነበር፤ ባለ ሱቋም፣ መናኸሪያው ጋ የሚቆመው ባለ ታክሲም። እቴቴ ስታልፍ ስለ ሐረጓ ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ሁሉም ያውቋታል፤ ፍየል እንኳ ሲጠጋት የሚያባርሩ ናቸው። ብቻ በታተመው ስም እንዳትጠይቂያቸው፤ ሰፈሩን ሙሉ ብትዞሪ ሰምቶት የሚያውቅ አይገኝም። «የእቴቴ ሐረግ የት ናት?» ብለሽ ጠይቂ፤ ጮክ ብለሽ፣ ሰውየው እየሰማ። ያኔ ይወስዱሻል።